የሚዜዎቹን ልብስ የሚመስል ክሬም፦ የኬክ ቀለም ሥራ ማስታወሻ ከባሕር ዳር

ኅዳር፣ ሦስተኛው ሳምንት። ትዕዛዙና ጨርቋ

ባለ 3 ፎቅ የሠርግ ኬክ ነው። ሠርጉ ከጥምቀት በኋላ፣ ጣና ዳር ባለ ግቢ ውስጥ፣ በድንኳን ነው። ታችኛው ፎቅ ጣናን ይመስላል፤ ደንገልና አንድ ታንኳ ይኖሩታል። ይህን የጠየቁት የሙሽራው ቤተሰቦች ናቸው፤ የዘጌ ሰዎች ናቸው። መካከለኛው ነጭ ሆኖ ደብዘዝ ያለ ሮዝ አበባ ይደረግበታል። ላይኛው በርገንዲ፣ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ጠቆር ያለ ቀይ ነው፤ የሚዜዎቹን ልብስ መምሰል አለበት።

የሙሽራዋ እናት ከልብሱ የተረፈች ቁራጭ ጨርቅ ይዘው መጡ። "እታለም፣ ቀይ እንዳታደርጊብን። ቡናማም እንዳይሆን። ይቺን ነው የምንፈልገው" አሉኝ።

ጨርቋ ሳቲን ናት። የሳቲን ቀለም አንድ አይደለም። እጥፋቷ ላይ ጥቁር ለመሆን ትንሽ ነው የሚቀራት፤ ብርሃን የመታው ጎኗ ደግሞ ወደ ሮዝ ይሄዳል። ክሬም እንዲህ አያብረቀርቅም። ስለዚህ ጨርቋን ነጭ ወረቀት ላይ ዘረጋሁና በረንዳው ጥላ ውስጥ አስቀመጥኳት። ከላይ ቁልቁል ስናያት የሚታየውን ቀለም ለመምታት ተስማማን። ይሄ ቀድሞ ካልተነጋገሩበት ኬኩ በሚረከብበት ቀን ክርክር ያመጣል።

ቤት ያለው ቀለም ውሃ መሰሉ ነው፤ ከከተማው ሱቅ የሚገዛው፣ በትንንሽ ብልቃጥ የሚመጣው። ለፈዛዛ ሮዝ ወይም ለፈዛዛ ቢጫ ይሆናል። ለጠቆረ ቀለም ግን አይሆንም። ቅቤ ብዙ ውሃ አይሸከምም። ቀለሙ እስኪደምቅ እያንጠባጠቡ ሲሄዱ ክሬሙ መጀመሪያ ይላላል፣ ከዚያ ይቆራረጣል። ስለዚህ ጄል ቀለም፣ ወፍራሙንና የማይንጠባጠበውን፣ ከአዲስ አበባ በእህቴ በኩል አስመጣሁ፦ ቀይ፣ ሮዝ፣ ሰማያዊ፣ ሐምራዊና ቢጫ። አንዱ 380 ብር ገባ፤ ከአውቶቡስ መላኪያው ውጭ ማለት ነው።

ገበያ ላይ በላስቲክ ተቋጥሮ የሚሸጥ የዱቄት ቀለምም አለ። ደማቅ ነው፣ ርካሽም ነው። ምን እንደሆነ የሚናገር ጽሑፍ ግን የለውም። የአለላ ማቅለሚያም እንዲሁ ተቋጥሮ ነው የሚሸጠው። እሱን እጄ ላይ አላስገባም።

ጄሎቹ ሲደርሱ መጀመሪያ ያደረግኩት በጀርባቸው ያለውን የምግብ ቀለም መለያ ቁጥር ደብተር ላይ መጻፍ ነው። ቀዩ ኢ129፣ ቢጫው ኢ102፣ ሰማያዊው ኢ133፣ ሮዙ ኢ127፣ ሐምራዊው የኢ127 እና የኢ133 ድብልቅ። ከስሙ ቁጥሩ ይሻላል። ፋብሪካው የፈለገውን ስም ያወጣለታል፤ ኢ133 ግን የትም ቢሄዱ ያው ኢ133 ነው። ቀይ ወይም ሮዝ ላይ ኢ120 የሚል ካገኛችሁ ካርሚን ነው፤ ከነፍሳት የሚወጣ ቀለም ነው። የጾም ኬክ ለሚያዝ ሰው ይሄ መነገር አለበት። እኔ ጋ ከመጡት አንዱም የለውም።

ኅዳር መጨረሻ። ነጩ ክሬም ነጭ አይደለም

ቀለም ከመንካቴ በፊት ቤዙን፣ ቀለም የሚገባበትን ነጭ ክሬም፣ ማስተካከል ነበረብኝ። በንጹሕ የገበታ ቅቤ የተመታ ክሬም ቢጫ ነው። ቢጫው ለዓይን ብዙም አያስታውቅም፤ ሰማያዊ ሲገባበት ግን ወዲያው ይወጣል። 100 ግራም ያህል አንስቼ ሰማያዊ ጠብ አደረግኩበት። የወጣው አረንጓዴ ነው።

በሁለተኛው ሙከራ ግማሹን ቅቤ፣ ግማሹን ሾርተኒንግ የሚሉትን ነጭ የአትክልት ስብ አደረግኩ። ልኩ እንዲህ ነው፦ 400 ግራም የገበታ ቅቤ፣ 400 ግራም ሾርተኒንግ፣ 1.6 ኪሎ በወንፊት የተነፋ ዱቄት ስኳር፣ 4 የሻይ ማንኪያ ወተት፣ ቁንጥር ጨው፣ ቫኒላ። ቫኒላው ዱቄቱ ይሁን፤ ቡናማው ፈሳሽ ራሱ ቀለም ነው። ቅቤውን ስኳር ሳይነካው ለብቻው 10 ደቂቃ ያህል በሚክሰር መታሁት። አየር ሲገባበት በግልጽ ይነጣል። ሾርተኒንጉ ለሙቀትም ይጠቅማል፤ የባሕር ዳር ቀትር በጥር እንኳ ቅቤ ያለሰልሳል። ጣዕሙ ከንጹሕ ቅቤ ትንሽ ይቀንሳል፤ ይሄን ለደንበኛዋ ነግሬ ነው የሠራሁት።

የቀረችውን ቢጫነት በሐምራዊ ገደልኳት። ሐምራዊና ቢጫ ይጠፋፋሉ። ለ1 ኪሎ ክሬም የስቲኪኒ ጫፍ ጄሉን ነካ አድርጎ ክሬሙ ውስጥ መውጋት ይበቃል። ከዚያ ካለፈ ነጩ ግራጫ ይሆናል፤ ከግራጫ ደግሞ መመለሻ የለውም፣ ሌላ ነጭ ክሬም ጨምሮ ማቅጠን ብቻ ነው።

ዊፒንግ ክሬምም አስቤ ነበር። ብዙ ኬክ ቤቶች የሚሠሩበት እሱ ነው፤ ነጭነቱም ያስቀናል። ለፈዛዛ ቀለም ከእሱ የተሻለ የለም። በርገንዲ ድረስ ግን አይሄድም። ያን ያህል ጄል ሲገባበት ይላላል፣ ከኬኩ ጎን ላይ ይወርዳል። አንድ ነገር ደግሞ፦ የአትክልት ነው ተብሎ የሚሸጠው ዊፒንግ ክሬም ብዙ ጊዜ ሶዲየም ካዜኔት አለበት። እሱ ከወተት ነው የሚወጣው። ለጾም ኬክ የምትጠቀሙ ሰዎች ካርቶኑን አንብቡት።

ጾሙ ስለገባ ቅቤ ያለበትን አልቀምስም። ቀማሿ ጎረቤቴ ናት፤ ሙስሊም ናት፣ አፏም ስኳር ሲበዛ ቶሎ ይለያል። ሳህን በሳህን ስወስድላት ሰነበትኩ።

ታኅሣሥ መጀመሪያ። እናት ክሬም

የዚህ ሥራ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው።

በጠብታ የተሠራ ቀለም አይደገምም። አንዱ ጠብታ ትልቅ ነው፣ ሌላው ትንሽ። ጄል ደግሞ ጭራሽ አይንጠባጠብም፤ ይጎተታል። ለአንድ ትንሽ ኬክ ችግር የለውም። ለሠርግ ግን ክሬሙ መሀል ላይ ቢያልቅ ያንኑ ቀለም እንደገና ማውጣት አለብኝ። የእኔ ሚዛን የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን ነው፣ ከ1 ግራም በታች አያነብም። ግማሽ ግራም ጄል ልመዝን ብል ዝም ይለኛል።

መፍትሔው ቀለሙን በጣም ወፍራም አድርጎ ትንሽ ክሬም ውስጥ ማስገባት ነው። ያንን እናት ክሬም ብዬዋለሁ። እንደ እርሾ ነው፤ ከእሱ እየተነሳ ወደ ትልቁ ይገባል። ለምሳሌ 190 ግራም ነጭ ክሬም ከ10 ግራም ሰማያዊ ጄል ጋር ከተቀላቀለ፣ ከዚያ 20 ግራም ስታነሱ 1 ግራም ጄል አነሳችሁ ማለት ነው። 10 ግራም ስታነሱ ግማሽ ግራም። አሁን ተራ ሚዛን ይበቃል። ደብተር ላይ "ሰማያዊ እናት 15፣ ነጭ 600" ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ ከወር በኋላም ያው ይወጣል። ጄሉ የሌላ ፋብሪካ ከሆነ ግን ልኩ ይለወጣል።

ሰማያዊ፣ ቢጫና ሮዝ እናት ሠራሁ። ክዳን ባላቸው የፕላስቲክ ዕቃዎች አደረግኳቸው፤ ቀኑንና ልኩን ፕላስተር ላይ ጻፍኩ።

ጄል ቅቤ ውስጥ ወዲያው አይሟሟም። ያለበት ውሃና ግሊሰሪን ነው፤ ቅቤው ይገፋዋል። ተመትቶ ካለቀ በኋላም ሳህኑ ላይ ጥቃቅን የቀለም ነጠብጣቦች ይታያሉ። ሁለት ነገር ሞከርኩ። አንደኛው ከክሬሙ ሩቡን ማንሳት፣ የፈላ ውሃ ባለበት ድስት ላይ በሳህን አድርጎ እስኪቀልጥ ማሞቅ፣ ጄሉን እዚያ ውስጥ መምታት፣ አቀዝቅዞ ወደ ዋናው መመለስ። ሁለተኛው ሙሉውን ክሬም በእጅ ብሌንደር መፍጨት። ሁለቱም ይሠራሉ። ብሌንደሩ ይፈጥናል፣ ነጠብጣቡም ፈጽሞ ይጠፋል፤ ነገር ግን ክሬሙን ያሞቀዋል። በሙቀቱ የተሠራው ቀለም በዚያው የጄል መጠን ጠቆር ብሎ ወጣ። ለበርገንዲው የሙቀቱን መረጥኩ። መብራት ሲጠፋም ይሠራል፤ ከሰል እስካለ ድረስ።

ታኅሣሥ፣ ሁለተኛው ሳምንት። በርገንዲ

ረጅሙ ይሄኛው ነው።

መጀመሪያ ቀይና ሰማያዊ። በወረቀት ላይ ትክክል ይመስላል። የወጣው ግን ቡናማ ነው፤ ሴትየዋ አልፈልግም ያሉት ራሱ። ምክንያቱ ኢ129 ወደ ብርቱካናማ የሚያደላ ቀይ መሆኑ ነው። ብርቱካናማ ከሰማያዊ ጋር ሲገናኝ ሁለቱም ይሞታሉ። በርገንዲ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ቀይ ነው የሚፈልገው። ስለዚህ ሰማያዊውን ትቼ ቀዩን በሮዝና በጥቂት ሐምራዊ አጠጋጋሁት። አሁን ቀለሙ ሕይወት አገኘ። ግን ነጭ ክሬም ላይ ስለሆነ ደማቅ ሮዝ ሆኖ ቀረ። ጄል ብጨምርበትም ብጨምርበትም ጨርቋ ጋ አልደረሰም። ጎረቤቴ ቀምሳ "ጥሩ ነው እህቴ፣ ግን መጨረሻው ይመራል" አለችኝ። ቀይ ሲበዛ ይመራል፤ ያውቁታል ኬክ የሚሠሩ ሁሉ።

ቀጥሎ ኮኮዋ። ክሬሙን ቀድሞ በኮኮዋ ማጥቆር ጄል ይቆጥባል፣ ምሬቱንም ይሸፍናል። 500 ግራም ነጭ ክሬም ላይ 40 ግራም አደረግኩ፤ በዛ። ወደ ቸኮሌት ሄደብኝ። 25 ግራም ላይ ልክ መጣ። ፈዘዝ ያለውን፣ ወደ ቀይ የሚያደላውን ኮኮዋ ነው የተጠቀምኩት፤ ጥቁሩ ቀዩን ይውጠዋል። ኮኮዋ ክሬሙን ስለሚያደርቅ 2 የሻይ ማንኪያ ወተት ጨመርኩ። ከዚያ 14 ግራም ቀይ፣ 4 ግራም ሮዝ፣ 2 ግራም ሐምራዊ ጄል፤ በሙቀት።

ሳህኑ ላይ ስቀባው አሁንም ከጨርቋ ይፈዛል። እጄን ሰበሰብኩና ሸፍኜው አደርኩ። ጠዋት ከጎኑ አዲስ የተመታ ክሬም በማንኪያ ጫፍ ቀባሁ። ያደረው በአንድ ደረጃ ጠቁሯል። የቅቤ ክሬም ቀለሙ እያደር ነው የሚወጣው፤ ቀለሙ ቀስ በቀስ በክሬሙ ውስጥ ይሟሟል። ማታ ትክክል የመሰለ በርገንዲ ጠዋት ጥቁር ይሆናል። ጠዋት ትክክል እንዲሆን ማታ ፈዘዝ ብሎ መተው አለበት። ያደረውን ሳህን በረንዳው ጥላ ውስጥ ከጨርቋ ጎን አስቀመጥኩት። ራቅ ብዬ ሳየው ጠርዙ ጠፋብኝ፤ ጨርቁ የት እንደሚያልቅ ክሬሙ የት እንደሚጀምር አይለይም። ልኩ ይሄ ነው። ጻፍኩት።

ጎረቤቴ ዳግም ቀመሰች፤ ምሬቱ የለም።

አንድ ጭንቀት ቀርቷል። ሠርግ ነው፣ ግማሹ ሰው ሀበሻ ቀሚስና ነጠላ ነው የሚለብሰው። ከአሮጌ ነጠላ የቀረ ቁራጭ ላይ በርገንዲውን አስነካሁት፤ ወዲያው ጠርጌ በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና አጠብኩት። ሮዝ ጥላ ቀረ። በማግስቱ እንደገና አጠብኩት፤ አልለቀቀም። ጥርስና ከንፈርም ያቀላል። ስለዚህ ላይኛውን ፎቅ ሙሉ በሙሉ በበርገንዲ አልጋርደውም። ከሥር በሮዝ ክሬም ይለበሳል፤ በርገንዲው ከላይ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል። ሥሩ ነጭ ከሆነ ስስ በርገንዲ ያሳያል፣ ሮዝ ከሆነ አያሳይም። ለሰው አፍ የሚደርሰው ጥቁር ክሬም በጣም ይቀንሳል፤ ጄሉም ይቀንሳል።

ታኅሣሥ አጋማሽ። ሮዙና የመስኮቱ ሙከራ

ለአበባዎቹ መጀመሪያ በሮዝ እናት ሠራሁ። የልጆች ልደት ሮዝ ነው የወጣው፤ ቆንጆ ነው፣ ግን የዚህ ሠርግ አይደለም። ደብዘዝ እንዲል ሮዝ ላይ ትንሽ አረንጓዴ ይገባል፤ ቢጫና ሰማያዊ እናት ቀላቅዬ አስገባሁ። ጥሩ ሆነ።

ከዚያ በርገንዲው ከፊቴ ተቀምጦ ሳየው ሌላ ሐሳብ መጣ። 400 ግራም ነጭ ላይ 30 ግራም በርገንዲ አደረግኩ። የምፈልገው ሮዝ ያለምንም ሌላ ጭማሪ ወጣ። ደብዛዛነቱን ኮኮዋው ሰጠው። ላይኛው ፎቅና አበባዎቹ ከአንድ ዕቃ ስለሚወጡም ጎን ለጎን ሲሆኑ ይዛመዳሉ።

ከሁለቱ ሮዞች ለመምረጥ ነጭ ሳህን ላይ ሁለቱንም በረጅሙ ቀባኋቸው፤ ከጎናቸው ሐምራዊም ጨመርኩ። የሳህኑን ግማሽ በፎይል ሸፍኜ ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ላይ ተውኩት። ማታ ፎይሉን ሳነሳ ልዩነቱ በመስመር የተከፈለ ነው። ሐምራዊው በተሸፈነው በኩል ሐምራዊ፣ ባልተሸፈነው በኩል ሰማያዊ ሊሆን ምንም አልቀረው። በሮዝ እናት የተሠራው ገርጥቷል። ከበርገንዲ የወጣው ግን ብዙም አልተነካም። ነገሩ ኢ127 ነው። ይህ ቀለም ብርሃን አይወድም። ሐምራዊው ውስጥ እሱ ሲጠፋ የሚቀረው ሰማያዊው ነው። ሐምራዊ ኬክ የሚያዙ ሰዎች "ማታ ሐምራዊ ነበር፣ ጠዋት ሰማያዊ ሆነ" የሚሉት ከዚህ ነው፤ መስታወት ባለው ማሳያ ውስጥ ካደረ ብቻውን ይበቃዋል። በርገንዲዬም ውስጥ ጥቂት አለ። ስለዚህ ኬኩ እስኪሄድ ድረስ ካርቶን ውስጥ ይቀመጣል።

ታኅሣሥ፣ ሦስተኛው ሳምንት። ጣና ምን ዓይነት ቀለም ነው?

ኬክ ላይ ውሃ ሲባል እጅ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ጣና ግን እንደዚያ አይደለም። ሳህንና ክሬም ይዤ ሐይቁ ዳር ወረድኩ፤ በቅዱስ ጊዮርጊስ በኩል። ጠዋት ውሃው ሳይነቃነቅ ሰማዩን ያንጸባርቃል፤ ያኔ ግራጫ ያለበት ሰማያዊ ነው። ከሰዓት ነፋሱ ሲነሳ ዳር ዳሩ ይደፈርሳል። ሐይቁ ጥልቅ አይደለም፣ ጥልቅ የሚባለው ቦታ 14 ሜትር ያህል ነው፤ ደለሉ ቶሎ ይነሳል። ክረምት ሲሆን ወንዞቹ አፈር ይዘው ስለሚገቡ ጭራሽ ቡናማ ነው። ለዚህ ኬክ የጥር ጠዋትን መረጥኩ።

600 ግራም ነጭ፣ 15 ግራም ሰማያዊ እናት። የመዋኛ ገንዳ ሰማያዊ ሆነ። ማስከኛው ብርቱካናማ ነው፤ የሰማያዊ ተቃራኒ። ቢጫ እናትና ጥቂት ቀይ ቀላቅዬ ለብቻው ብርቱካናማ ሠራሁና በ2 ግራም በ2 ግራም አስገባሁ። 6 ግራም ላይ ገንዳው ጠፋ፣ ሐይቁ መጣ። 8 ላይ ወደ ሲሚንቶ ሄደ። 6 ላይ ቆምኩ። ወደ ዳር የሚሆነውን ክሬም ለይቼ በኮኮዋ ቁንጥር አደፈረስኩት። ሁለቱን ኬኩ ላይ በስፓቱላ ሳይዋሃዱ መሳብ ነው እንጂ ሳህን ውስጥ መቀላቀል አይደለም።

የስልክ ፎቶ ይዞ ቤት መጥቶ በፎቶው መቀላቀል አይሠራም። ካሜራው ነጩን በራሱ ያስተካክላል፣ ግራጫውን ሰማያዊ ያደርገዋል። ሳህኑን ራሱን ውሃው ጎን ይዞ ማየት ነው።

እርጥብ ደንገል፦ ቢጫና ሰማያዊ እናት 5 ለ1። ሲወጣ የፕላስቲክ አረንጓዴ ነው። የበርገንዲ አንድ የሻይ ማንኪያ ጫፍ ሲገባ የተክል አረንጓዴ ሆነ። ታንኳው የሚሠራበት ደንገል የደረቀ ነው፤ ለእሱ ጄል አላባከንኩም። እርድ ቅቤ ውስጥ በደንብ ይሟሟል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ አቅልጬ ሩብ የሻይ ማንኪያ እርድ አገባሁበት፤ በጥሩ ጨርቅ አጠለልኩት። 150 ግራም ነጭ ክሬምና ቁንጥር ኮኮዋ ጨመርኩ። የገለባ ቀለም ወጣ። ሽታው በቫኒላው ተሸነፈ። እርድም ብርሃን ያገረጣዋል፤ ለታንኳ ግን መገርጣቱ አይጎዳም።

ቀይ ሥርም ሞክሬ ነበር፣ ለሮዙ። ጭማቂውን አፍልቼ ሳወፍረው ወደ ቡናማ ሄደ፤ እሳት አይችልም። ሳይፈላ ደግሞ ውሃው በዛ። ለዊፒንግ ክሬምና ለዚያኑ ቀን ለሚበላ ኬክ ይሆናል።

ከገና በኋላ

ጾሙ ተፈታ፣ ራሴ ቀመስኩ። የጎረቤቴ ፍርድ ትክክል ነው። ጨው ትንሽ ጨመርኩ።

የሙሽራው ወገኖች መካከለኛው ፎቅ ጠርዝ ላይ ወርቃማ መስመር ይፈልጋሉ። ሱቅ ውስጥ ያገኘሁት ወርቃማ ዱቄት "መርዛማ ያልሆነ" ይላል፣ "የሚበላ" ግን አይልም፤ ምን እንዳለበትም አልተጻፈም። እነዚህ ሁለቱ አንድ አይደሉም። ለማስጌጫ ብቻ የሚሸጠው ዱቄት ራሱ ብረት ሊሆን ይችላል። በ2018 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ሮድ አይላንድ ውስጥ ወርቃማ ዱቄት ያለበት የልደት ኬክ የበሉ 6 ልጆች ታመዋል፤ ዱቄቱ በአብዛኛው መዳብ ሆኖ ተገኝቷል። ይህን ለሙሽራው እህት ነገርኳት። "ታዲያ ይቅር፣ ሰው እንዳይታመምብን" አለች። እህቴ አዲስ አበባ የሚበላ የሚል ጽሑፍና የይዘት ዝርዝር ያለው አገኘችልኝ፤ 4 ግራሙ 650 ብር። ከሁሉም ቀለም ውዱ እሱ ነው።

ዱቄቱን በውሃ ብቀባው ክሬሙ ላይ ይሰበሰባል፣ ቶሎም አይደርቅም። በአልኮል ነው የሚቀባው፤ አልኮሉ ይተናል፣ ወርቁ ይቀራል። ዳግም አረቄ ተጠቀምኩ። የጌሾው ሽታ መጀመሪያ አለ፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጠፋ። አልኮል ለማይነካ ቤተሰብ ግን ይሄን አልሠራም፤ ደረቁን በብሩሽ መነስነስ ነው።

ጥር፣ ከጥምቀት በፊት። ድንኳኑ ውስጥ

የሙከራ ሳህኖቹን ይዤ ግቢው ድረስ ሄድኩ። ለሌላ ሠርግ የተተከለ ድንኳን ነበር፤ ለእኛም ያው ነው የሚተከለው አሉኝ። ጣሪያው ሰማያዊ ሸራ ነው። ሳህኑን ከሥሩ ሳስገባው ሮዙ ወደ ግራጫ ሄደ፣ በርገንዲው ጥቁር ሆነ። ጣናው ብቻ አማረበት። ይሄን በቀለም ማስተካከል ይቻላል፦ ሮዙን ሞቅ ማድረግ፣ በርገንዲውን ማቅላት። ነገር ግን ያኔ ከድንኳኑ ውጭ ጨርቋን አይመስልም፣ ሚዜዎቹ ደግሞ ይገባሉ ይወጣሉ። ስለዚህ የተለወጠው ቦታው ነው። የኬኩ ጠረጴዛ ከድንኳኑ ውጭ፣ ዋርካው ጥላ ሥር እንዲሆን ከአስተናባሪው ጋር ተስማማን። የዛፍ ጥላ ቀለም አያጠፋም። ነፋሱ ከሰዓት ስለሚነሳ ኬኩ ከምሳ በፊት እንዲቆረጥም ጠየቅሁ፤ እሺ ተባለ።

የሠርጉ ሳምንት

ረቡዕ ሁሉም ክሬም ተመትቶ፣ ቀለም ገብቶ አለቀ። ሐሙስ ዝም አልኩት፣ ቀለሙ ይውጣ ብዬ። ዓርብ ጠዋት ከጨርቋ ጋር አየሁት። በርገንዲው ትንሽ አልፎ ነበር፤ 40 ግራም ሮዝ ክሬም ገብቶበት ተመለሰ። ይሄ ቀን ባይተርፈኝ ኖሮ እንደጠቆረ ይሄድ ነበር።

ቅዳሜ ጎሕ ሳይቀድ ጀምሬ ፎቆቹን አለበስኩ። ነጩ መጀመሪያ፣ በርገንዲው መጨረሻ። ቢላዋና ስፓቱላ ለየብቻ። ነጭ ላይ የወደቀ የበርገንዲ ፍርፋሪ ሲጠርጉት ይሰመራል፤ ክሬሙ ፍሪጅ ውስጥ እስኪጠነክር ትቼ በቢላዋ ጫፍ ነው ያነሳሁት።

አሳሳቢው ከፍሪጅ የሚወጣበት ሰዓት ነው። ቀዝቃዛ ኬክ ሞቃት አየር ሲነካው ያልበዋል። ላቡ በርገንዲውን ይዞ ወደ ታች ይፈሳል፤ ከታች ያለው ነጭ ነው። ስለዚህ እሑድ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ፎቆቹን ከነካርቶናቸው አውጥቼ፣ ሳልከፍታቸው፣ ጠረጴዛ ላይ ተውኳቸው። ጤዛው ካርቶኑ ላይ ይሆናል። ክሬሙ ከክፍሉ ሙቀት ጋር እስኪስተካከል ክዳን አይነሳም። 3 ፎቆቹን ለየብቻ በቤት መኪና ወሰድናቸው። በባጃጅ ትንሽ ኬክ አድርሼ አውቃለሁ፤ ይሄን ግን አልሞክረውም። እዚያው ዋርካው ሥር ተደራረቡ። መጋጠሚያው ላይ የሮዝ አበባዎቹን ሠራሁ።

ሚዜዎቹ ለፎቶ ኬኩ ጎን ሲቆሙ የሙሽራዋ እናት ቁራጯን ጨርቅ ከቦርሳቸው አወጡ። ኬኩ ላይ ሊያስደግፏት ሲሉ አስቁሜያቸው ከጎኑ ያዙ። አዩት። "ተባረኪ፣ እሱው ነው" አሉ። ነጩን ቀሚስ ያቀለመ ነገር አልሰማሁም።

ወጪና የተረፈ

ጄል ቀለሞቹ 1,900 ብር፣ ወርቁ 650። ከጄሉ ግማሽ እንኳ አላለቀም፤ ቀዩ ብቻ ነው የተጋመሰው። ለሙከራ የሄደው ቅቤና ስኳር ግን ከቀለሙ ይበልጣል። አሁን ትዕዛዝ ስቀበል "በጨርቅ ማመሳሰል" የሚለውን ለብቻው አስከፍላለሁ፤ የሥራው ግማሽ እሱ ነውና። ሙከራውም በ100 ግራም እንጂ በ500 አይሆንም።

የተረፉት እናት ክሬሞች በላስቲክ ተጠቅልለው ፍሪዘር ውስጥ ናቸው። ሲወጡ ፍሪጅ ውስጥ አድረው፣ ከዚያ እንደገና ተመትተው ነው የሚሠሩት። ለሐምሌ የምረቃ ኬክ ጥያቄ መጥቷል፦ ጥቁር ጋዋንና ወርቃማ ዘርፍ። ለጥቁሩ በ500 ግራም ነጭ ክሬም 60 ግራም ጥቁሩን ኮኮዋ፣ ከዚያ ሰማያዊ እናት፤ ከዚያ ማሳደር። የመጀመሪያውን ሳህን በዚህ ሳምንት እቀባለሁ።